ሌላውን የሚያሳርፍ ሰው ዕረፍት

በደብረ ሲና ለእስራኤል ከተሰጡት ዐሥሩ ቃላት መካከል ስለ ሰንበት የተነገረው ከሁሉ የረዘመ መሆኑን ልብ ብሎ ያየ ሰው፥ ርዝመቱ ከምን እንደ መጣ ሊመረምር ይገባዋል። ስለ ነፍስ መግደልና ስለ ስርቆት የተነገሩት ትእዛዛት ነገሩን ከልክለው ወዲያው ሲያበቁ፥ ይህኛው ግን ከቤቱ ጌታ ተነሥቶ ወደ ወንድ ልጁና ወደ ሴት ልጁ፥ ከእነርሱም ወደ ሎሌውና ወደ ገረዱ፥ ወደ እንስሳውም፥ በመጨረሻም በደጁ ውስጥ ወዳለው መጻተኛ እየወረደ፥ ማን ማን ማረፍ እንዳለበት አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ በኦሪት ዘዳግም ሲደገምም፥ ሎሌውና ገረዱ ልክ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ መሆኑን ገልጦ፥ ጌታውም ራሱ በግብጽ ባሪያ እንደ ነበረ ያሳስበዋል። ሕግ ሰጪው ይህን ያህል የተጠነቀቀው፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ የሰውን ጠባይ ስላወቀ ነው፤ ሰው የራሱን ዕረፍት አይዘነጋም፥ የሚዘነጋው ያንን ዕረፍት በድካሙ የሚያሰናዳለትን ሰው ነው።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አውጥቶ በምድር ላይ ሊያየው የሚወድ፥ ሰዎች ለማረፍ ብለው ወደሚሄዱባት ከተማ ይሂድ። በካናዳ አገር፥ በአልበርታ ክፍለ ሀገር፥ ሮኪ በሚባሉት ተራሮች መካከል የተቀመጠችው ባንፍ እንዲህ ያለች ከተማ ናት። ከፍታዋ 1,383 ሜትር ስለሆነ ከካናዳ ከተሞች ሁሉ ከፍ ያለች ናት ይባልላታል፤ ለእኛ ለደገኞቹ ግን ከባሕር ዳር እንኳ ዝቅ ያለች ስትሆን፥ ብርዷን ያጸናው ወደ ሰሜን ርቃ መቀመጧ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1883 ዓ.ም. ሦስት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች፥ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት የነበረውን ፍል ውሃ በተራራው ሥር አገኙ፤ ይዞታው የእኛ ነው ብለው ቢጠይቁም መንግሥት በ1885 ቦታውን ለሕዝብ ከልሎ ያዘው፥ የካናዳም ብሔራዊ ፓርኮች ታሪክ ከዚያ ተጀመረ። በ2021 በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዋ 8,300 ያህል ሲሆን፥ ፓርኩን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ግን በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ሁሉ እንግዳ የሚቀበሉት አልጋ አንጣፊዎች፥ ዕቃ አጣቢዎች፥ ወጥ ሠሪዎች፥ አስተናጋጆች፥ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱትም በገመድ ላይ የሚወጣውን ወንበር የሚጠብቁ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአውስትራልያ፥ ከእንግሊዝ፥ ከጃፓን፥ ከፊልጵንስ፥ ከሜክሲኮና ከካናዳም ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ለበጋው ወይም ለበረዶው ወራት ብቻ መጥተው፥ ወቅቱ ሲያልፍ የሚበተኑ ናቸው።

በዚህች ከተማ ለመኖር የወጣውን ሕግ ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ይከብድብኛል። ባንፍ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስላለች፥ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ ለመዝናኛ የሚሆን ቤት እንዳይይዝባት፥ በዚያ ለመኖር የሚፈቀደው በተለይ እዚያው ሥራ ላለው ሰውና ለቤተሰቡ ነው። የሕጉ አሳብ መልካም ነው፤ ባለጸጎች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ በሚኖር ቤት ከተማይቱን እንዳይሞሏት ጠብቋታል። ነገር ግን ለወቅቱ በተቀጠረው ሰው ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይተክላል፤ በዚህ ቦታ መቀመጤ በሥራዬ ምክንያት ከሆነ፥ ሥራ በማልሠራበት ቀን እኔ በዚህ ቦታ ምንድር ነኝ? የሚተኛበት ክፍል ብዙ ጊዜ የአሠሪው ነው፥ አብሮት የሚተኛው ባልንጀራውም የሥራ ባልደረባው ነው፥ ማዕዱም እዚያው ነው፤ የዕረፍት ቀኑ በደረሰ ጊዜ ከሥራ ወጥቶ የሚገባበት ሌላ ቤት የለውም። መጽሐፍ መጻተኛ ያለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ስለ ባንፍ ስፕሪንግስ ሆቴል የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ይህን ነገር ስለሚያበራ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቈይ። ሆቴሉን በ1888 የከፈተው የካናዳ ፓስፊክ የምድር ባቡር ኩባንያ ነው፤ ቦታው ቦውና ስፕሬይ የሚባሉት ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት አፋፍ ሲሆን፥ ንድፉን ያወጣው ብሩስ ፕራይስ የሚባል የኒው ዮርክ መሐንዲስ ነበር። ሕንፃው እየተሠራ ሳለ የኩባንያው ሹም ዊልያም ቫን ሆርን ሊጐበኝ ቢመጣ፥ ሠሪዎቹ ንድፉን ገልብጠው ስለ ተከሉት፥ የእንግዶቹ መኝታ ፊቱን ወደ ዱሩ፥ የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ ወደ ወንዞቹና ወደ ሸለቆው አዙሮ አገኘው ይባላል፤ እርሱም እጅግ ተቈጥቶ እንግዶች ሸለቆውን የሚያዩበት ሰገነት ተጨምሮ እንዲሠራ አዘዘ ይላሉ። ታሪኩ ሲነገር ኖሮአል፥ የሚነገረውም ሁልጊዜ ስለ አንድ ትልቅ ስሕተትና ስለ መታረሙ ነው። ቫን ሆርንን አልወቅሰውም፤ እንግዳው የከፈለው ሸለቆውን ሊያይ ነውና ሊያይ ይገባዋል። ነገር ግን ድስት የሚያጥበው ሰው ቀና ባለ ቍጥር ወንዙን ማየቱ ለምን እንደ ጥፋት ተቈጠረ? ሸለቆው ለተመልካች ብዛት የሚያንስ አይደለም፤ አንዱ ሲያየው ከሌላው አይቀነስም። የፍጥረት ውበት ከምግብና ከልብስ የሚለየው በዚህ ነው፥ ሁሉም ሳይከፋፈለው በሙሉ ሊወርሰው ይችላል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ የጌታና የሎሌ ሥርዐት መሠራቱ ከማንኛውም ሌላ ነገር ይልቅ ምክንያት የሌለው ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ዕረፍትን እጅግ ያከብር ነበር። በሥነ ምግባር መጽሐፉ በዐሥረኛው ክፍል፥ ሰው ሥራ የሚሠራው ዕረፍት እንዲያገኝ መሆኑን፥ ዕረፍትም ማለት መተኛትና መጫወት ሳይሆን አእምሮ እውነትን የሚመለከትበት፥ ከሰው ሥራዎች ሁሉ የከበረው ጊዜ መሆኑን አስተምሮአል። ይህ ትምህርት እውነት ነው፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ብዙ ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ይኸው ሰው ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ፥ ለባሮች ዕረፍት እንደሌለ የሚናገረውን የሕዝብ አባባል ያለ ተቃውሞ ይጠቅሳል፤ እርሱ የሚያውቃት ከተማ ጥቂቶች እውነትን እንዲመለከቱ ብዙዎች እህል የሚፈጩባት፥ ውሃ የሚቀዱባት ናትና። እንግዲህ ፈላስፋው የዕረፍትን ክብር አይቶ ባለቤቱን አሳነሰ፤ ሙሴ ግን በአቴና ያልተጠራውን ሎሌ በስሙ ጠርቶ ከጌታው ጐን አስቀመጠው። እኔ ሁለቱን ስመዝን፥ ስለ ዕረፍት ምንነት ከአርስጣጣሊስ፥ ዕረፍት ለማን እንደሆነ ግን ከኦሪት መማር ይገባል እላለሁ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነውና። ዛሬ ብዙ አሠሪዎች ሁለተኛውን በሕግ ተገድደው ይቀበሉና በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሰጣሉ፥ የመጀመሪያውን ግን ማንም አያስብም፤ ሠራተኛው ቀኑ ይሰጠዋል እንጂ ቀኑ ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ሰው ዕረፍትን ሲጠይቅ ሰነፍ ተብሎ መሰደቡም ከጥንት የመጣ ነው። እስራኤል ወደ በረሓ ወጥተው ለአምላካቸው በዓል ሊያደርጉ በለመኑ ጊዜ፥ ፈርዖን ይህን የሚሉት ሥራ ስለ ፈቱ ነው ብሎ ጭድ ከለከላቸው፥ የጡቡን ቍጥር ግን አላጐደለላቸውም። ለፈርዖን ጊዜ ማለት ጡብ የሚሠራበት ነው፤ ያልተሠራበት ሰዓት ሁሉ ከእርሱ የተሰረቀ ይመስለዋል። ይህ አሳብ በአሠሪው ዘንድ ብቻ አይደለም የሚኖረው፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው በሠራተኛው ልብ ውስጥ ገብቶ፥ ባረፈበት ቀን እንኳ ሌላ ፈረቃ ባገኝ ምን ያህል ገንዘብ በላክሁ ነበር እያለ ራሱን የሚከስበት ጊዜ ነው። ቤተ ሰብ የሚጠብቀውን ሰው በዚህ ልነቅፈው አልደፍርም፤ ይሁን እንጂ ራሱን ያለ ማቋረጥ የሚያሠራ ሰው፥ ሌላ ፈርዖን ባያገኝ እንኳ ለራሱ ፈርዖን ሆኖአል።

ከዚህም ሌላ መከራ አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በረሓ የኖረው ኢቫግርዮስ፥ መነኮሳትን በቀትር ጊዜ ስለሚፈትን ጋኔን ሲጽፍ፥ ይህ ጋኔን ፀሓይን የቆመች አስመስሎ ቀኑን እንደሚያስረዝም፥ መነኩሴውን ደጋግሞ ወደ መስኮት እንደሚያስመለክት፥ ቦታውንና የእጁን ሥራ እንደሚያስጠላው፥ በወንድሞች መካከልም ፍቅር ጠፍቶአል እያለ ሌላ አገር እንደሚያስመኘው ይዘረዝራል። በበረዶው ወራት በባንፍ የተቀመጠ የወቅት ሠራተኛ ይህን ቢያነብ ስለ እርሱ የተጻፈ ይመስለዋል። በታኅሣሥ ፀሓይ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፥ የብርሃኑም ጊዜ ስምንት ሰዓት አይሞላም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ አልፎአል፥ የወቅቱ መጨረሻ ገና ሩቅ ነው፥ ተራራውም በየቀኑ ስለሚታይ መታየቱ ቀርቶአል። በዚህ ጊዜ ከተማይቱ ፈጥና የምታቀርብለት መድኀኒት መጠጥ ቤት ነው፤ በዚያ የሚገኘውን የባልንጀሮች ጨዋታ አልንቅም፥ ሙቀትና ሳቅ ከክፉ ብቸኝነት ይሻላሉና፤ ነገር ግን የሳምንቱን ደመወዝ በአንድ ሌሊት ያስረከበ ሰው በማግሥቱ ያንኑ ጋኔን በመስኮቱ ያገኘዋል።

የበረሓው መነኩሴ አባ እንጦንስም በዚሁ፥ አበው ሐኬት በሚሉት ፈተና ተይዞ በአሳብ ብዛት በተጨነቀ ጊዜ፥ እንዴት እድናለሁ ብሎ አምላኩን ለምኖ ወደ ውጭ ቢወጣ፥ እንደ ራሱ ያለ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ፥ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ዳግመኛ ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፥ እንደ ገናም ለጸሎት ሲነሣ እንዳየ፥ ያም መልአክ እንደ ነበረ በአበው ዜና ተጽፎአል። መልአኩ ለእንጦንስ ከበረሓው የሚወጣበትን መንገድ አላሳየውም፥ አዲስና የሚያስደንቅ ተግባርም አላመጣለትም፤ ያሳየው ሥራ ከሥራ መነሣት እንዳለው፥ የሚነሣውም ወደ አንድ ከፍ ያለ ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት በዚህች ትንሽ ከተማ በዕረፍት ቀኔ ምን ላድርግ ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ደስ የሚያሰኘውን ነገር በብዛት ከመቍጠር ይልቅ፥ ከአገልጋይነት የሚነሣበትን ቦታ እንዲፈልግ እመክረዋለሁ።

ይህም ቦታ ሩቅ አይደለም፥ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከከተማይቱ መካከል በእግር ተነሥቶ ታነል ማውንተን ወደሚባለው ተራራ መውጣት ይቻላል፤ ጫፉ ከከተማይቱ 300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ጤነኛ ሰው በግማሽ ቀን ወጥቶ ይመለሳል። ስሙን ያገኘው የባቡሩ ቀያሾች በውስጡ ዋሻ ሊያሳልፉበት አስበው ስለ ነበር ነው፤ በኋላ ግን በዙሪያው የሚያልፍ የተሻለ መንገድ ስለ ተገኘ ተራራው ሳይበሳ ቀረ፥ ነባሮቹ ሕዝቦችም የተኛ ጎሽ እያሉ ይጠሩታል። ከጫፉ ላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሠራተኛ፥ ሲያነጥፍ የሰነበተባቸውን ክፍሎች፥ ድስት ያጠበበትንም ወጥ ቤት በአንድ ጊዜ ከሥሩ ያያል፤ ሳምንቱን ሙሉ የከበበው ነገር በስፍራው ሆኖ ሲያንስ ማየት ለነፍስ የሚሰጠው ነጻነት ቀላል አይደለም። መውጣት ለደከመው ከከተማይቱ በስተምዕራብ ቨርሚልዮን የሚባሉት ሦስት ሐይቆች አሉ፤ ራንድል የተባለው ተራራ በውሃው ላይ ይታያል፥ በሰኔ ወር ብርሃኑ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ስለሚቈይ ከፈረቃ የወጣም ሰው ይደርስበታል። በዱሩ መንገድ ግን ብቻውን አይሂድ፤ በበጋ ድብ አለ፥ ኤልክ የሚባለውም ትልቅ አጋዘን በመንገድ ላይ ሲገጥም ርቆ ማለፍ ያስፈልጋል።

ኬቭ ኤንድ ቤሲን ወደሚባለው፥ ያ ፍል ውሃ ወደ ተገኘበት ዋሻ ሲሄድ ደግሞ፥ ከእርሱ በፊት በዚያ ስለ ደከሙት ያንብብ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከ1915 እስከ 1917፥ ከኦስትርያ ሀንጋሪ ግዛት የመጡ ናቸው ተብለው የተያዙ፥ አብዛኞቹ ዩክሬናውያን የሆኑ ሰዎች፥ በበጋ በካስል ተራራ ሥር፥ በክረምት በዚህ ፍል ውሃ አጠገብ ታስረው፥ ዛሬ እንግዳው በመኪና የሚመላለስበትን የፓርኩን መንገድ ሲሠሩ ነበር፤ ታሪካቸውም አሁን በዚያው ስፍራ ይታያል። የዛሬው ቅጥረኛ በፈቃዱ የመጣ ነው፥ ሁለቱን ማስተካከል እውነትን መበደል ይሆናል፤ ነገር ግን ለመዝናኛ የተሠራ መንገድ ሁሉ ያለ መዝናናት የሠራው ሰው እንዳለው ማወቅ፥ የራሱንም ድካም ከታሪክ ጋር ያገናኝለታል። ለብርዱ ቀን ደግሞ የዋይት ቤተ መዘክር አለ፤ የመሠረቱት ፒተርና ካትሪን ዋይት ሁለቱም ሠዓልያን ሲሆኑ፥ ባልዬው እዚያው ባንፍ የተወለደ፥ ሚስቱም ከማሳቹሴትስ የመጣች ነበረች፥ ቤቱም በ1968 ተከፈተ። የከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት ከእርሱ አጠገብ ነው፤ በዚያ ተቀምጦ የሚያነብን ሰው፥ እንግዳ ይሁን ሎሌ፥ ማንም አይለየውም።

ይህን ሁሉ ብናገርም አንድ ከባድ ነገር ይቀርብኛል፥ በሕሊናዬ ስመላለስበት ኖሬአለሁ። ሰንበት የአንድ ሰው ዕረፍት ብቻ አይደለችም፤ ጌታውና ሎሌው በአንድ ቀን፥ በአንድነት ስለሚያርፉ ነው ሰንበት የሆነችው። በእኛ አገር የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ መከራ ተቀብለው፥ በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲያስወስኑ፥ የተወሰነው የሕዝብ ሁሉ ሥርዐት ነበር እንጂ እያንዳንዱ በመረጠው ቀን ይረፍ የሚል አልነበረም። በመዝናኛ ከተማ ግን ቅዳሜና እሑድ ሥራ የሚበዛባቸው ቀኖች ናቸው፤ አንዱ ማክሰኞ፥ ሌላው ሐሙስ እያረፈ፥ በአንድ ክፍል የሚተኙት ሁለት ሰዎች እንኳ ወቅቱን ሙሉ አብረው ሳይበሉ ሊለያዩ ይችላሉ። ቀኑ ተሰጥቶአቸዋል፥ ሰንበት ግን አልተሰጣቸውም።

እኔ ለዚህ የማየው መንገድ የሰንበቴ ማኅበራችን ነው። ባላገሩ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንጀራውንና ጠላውን በተራ እያመጣ ከነዳያንና ከመንገደኛ ጋር ሲቈርስ፥ መንገደኛው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ ይቀመጣል፤ በሥራው ሳይሆን በመምጣቱ ብቻ የማዕዱ ባለቤት ይሆናል። በባንፍ ያሉት ወጣቶች ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም፥ አንድ ቀን የሚያርፉት አራትና አምስት ሰዎች በተራ ያገራቸውን ምግብ እየሠሩ፥ የማክሰኞ ሰዎች በማክሰኞ፥ የሐሙስም በሐሙስ፥ አዲስ የመጣውን ሁሉ እየጠሩ ቢበሉ፥ ሳምንቱን ሙሉ ለሌላው ማዕድ ያቀረበ ሰው ተቀምጦ የሚቀርብለት አንድ ማዕድ ያገኛል።

ከከተማይቱ በስተምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በካልጋሪ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፥ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም አላቸው። ከልጆቻቸው አንዱ ለበጋው ወራት ወደ ተራራው ሥራ ቢሄድ፥ በእሑድ ቅዳሴ አለመገኘቱን እንደ መጥፋት ቈጥረው ከመውቀሳቸው በፊት ቀኑ የእርሱ እንዳልሆነ ይወቁለት፤ ጌታችን ሰንበት ስለ ሰው መፈጠሯን አስተምሮአልና፥ ካህናቱ ከወር አንድ ጊዜ በሥራ ቀን የጸሎት ሰዓት ቢያደርጉለት፥ ወላጆቹም በዚያ ቀን ማዕድ ይዘው ወደ እርሱ ቢወጡ ሥርዐት አይፈርስም። ከአሠሪዎችም ዘንድ የሚለመነው ብዙ አይደለም፤ ወጪ የሌለው፥ የፈረቃውን ዝርዝር በሚጽፈው ሹም እጅ ያለ ነገር ነው፤ በአንድ ክፍል የሚኖሩትን፥ ከአንድ አገርም የመጡትን ሰዎች ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን አብረው እንዲያርፉ አድርጎ ይጻፋቸው።